ስንት ቀን ያስኬዳል?

ጥር ላይ ነው፤ ሌሊቱ አልነጋም። በጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ፣ ከምድጃ ዳር፣ አንዲት እናት ለልጃቸው ስንቅ ሲሰፍሩ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። የጋይንት ገብስ ተቆልቶና ተፈጭቶ በሶ ሆኗል፤ ሰፌዱ ላይ ተከምሯል። በአንድ እጃቸው የጨርቅ ከረጢት፣ በሌላው ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ይዘዋል፤ መስፈሪያቸው እሱ ነው። ልጁ ቪዛ ወጥቶለት ወደ ዋሽንግተን ሊሄድ ነው። አንድ ጣሳ ሰፈሩ፤ ሁለት ሰፈሩ፤ ሦስተኛውን አጋምሰው ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ መቼም አንተ ታውቃለህ። አሜሪካን አገር ስንት ቀን ያስኬዳል?»

«ከአዲስ አበባ አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፣ እማማ።»

ጣሳውን እንደያዙ ጠበቁኝ። የነገርኳቸው ቁጥር ትክክል ነበር፤ በሶ ግን አያሰፍርም። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት ልጃቸው መንገድ ላይ ስንት ጊዜ እንደሚርበው ነው። ከእኔ ሌላ ቃል ሲያጡ «እንግዲህ መንገድ አይታወቅም» ብለው ሦስተኛውን ሞሉት፤ አራተኛም ደገሙ። በዚያ ማለዳ ሳልመልሰው የቀረሁት ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም። በሁለት ሩቅ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ማወቅ ሌላ ነው። በሁለቱ መካከል ገደል አለ፣ ከፍታ አለ፣ ነፋስ አለ።

አባቶቻችን መንገድን በቀን ይለኩ የነበረው ኪሎ ሜትር ስላልነበራቸው ብቻ አይመስለኝም። ቀን ከኪሎ ሜትር የበለጠ ይነግራቸው ነበር። «የሦስት ቀን መንገድ» ሲባል ዳገቱ፣ ቁልቁለቱ፣ የበቅሎዋ ድካምና የማደሪያው መንደር አብረው ተቆጥረዋል። ሐምሌ ላይ የበሽሎ ወንዝ ሲሞላ ያው የሦስት ቀን መንገድ የሳምንት ይሆናል፤ መሬቱ ግን አንድ ክንድ አልረዘመም። የመጽሐፍ ክፍል ራሱ ስሙን ያገኘው ከመንገድ ነው። ምዕራፍ በግዕዝ ማረፊያ ማለት ነው፤ መንገደኛ ሸክሙን አውርዶ የሚያርፍበት ስፍራ። መጽሐፍም ሲነበብ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ ስላለው ስሙ ወደ መጽሐፍ ተሻገረ። አውሮፕላን ማረፊያ የምንለውም ከዚያው ግስ የወጣ ነው።

የጋይንትን ምድር ደግሞ በቀን የለኩት ብዙ ናቸው። እዚያ ያለችው ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት የዜማ ምስክር ቤቶች በመሆናቸው ከሸዋና ከጎጃም፣ ከትግራይና ከወሎ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ በእግሩ ይመጣባቸው ነበር። ለእሱ ርቀት ማለት በመካከሉ ያሉት መንደሮች ቁጥር ነው፤ በየመንደሩ ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ያልፋልና።

ከሁሉ የከበደው ጉዞ ግን የአፄ ቴዎድሮስ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሲያበቃ ከደብረ ታቦር ተነስተው ወደ መቅደላ አቀኑ። በካርታ ላይ ብትለኩት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ያለው ቀጥታ ርቀት 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዛሬ አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ትጨርሰዋለች። ንጉሡ ግን ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይጎትቱ ነበር። መድፉ በደጋው ሜዳ ላይ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት እየተጎተተ ይሄዳል፤ ገደል አፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ከዚያ መንገድ መሥራት ይጀመራል። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ቋጥኝ በባሩድ ይሰበራል፣ ቁልቁለቱ እየተጠማዘዘ ይቆፈራል፤ ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር አብረዋቸው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። የጋይንቱን ጨጨሆ ወጥተው፣ የጂዳን ገደል ወርደው፣ እንደገና ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። 155 ኪሎ ሜትር አምስት ወር ተኩል ገደማ ፈጀ። ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ ዐረፉ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው።

ይህን ያነሳሁት የጀግንነት ታሪክ ለመድገም አይደለም። ርቀትና ጊዜ ምን ያህል ሊለያዩ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ስለማላውቅ ነው፤ የሆነውም እዚሁ፣ የንፋስ መውጫ ሰው ገበያ በሚመላለስበት ምድር ላይ ነው።

አሁን ወደ ልጁ መንገድ እንምጣ። መጀመሪያ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። በካርታ ላይ ያለን ማንኛውንም ሁለት ከተማ በቀላሉ የምንለካበት ዘዴ አለ። የመሬት ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ እንዲህ የሞላው በአጋጣሚ አይደለም፤ ፈረንሳዮች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ሜትር የሚባለውን ልኬት ሲያወጡ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት አሥር ሚሊዮን ቦታ ከፍለው አንዷን ክፍልፋይ ሜትር ስላሏት ነው። ይህ ዙሪያ ለ360 ዲግሪ ሲካፈል ለእያንዳንዷ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሳታል። ንፋስ መውጫ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.7 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ናት፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 9 ላይ። ልዩነታቸው 2.7 ነው። በ111 ስታባዙት 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ኬንትሮሳቸው እምብዛም ስለማይለያይ ስሌቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ አዲስ አበባ ከንፋስ መውጫ ቀጥ ብላ በስተደቡብ ናት ማለት ይቻላል።

300 ኪሎ ሜትር። ክንፍ ያለው ፍጡር ከከተማዋ ተነስቶ ፊቱን ወደ ደቡብ ቢያደርግ ታች ጋይንትንና ስማዳን አልፎ፣ የበሽሎን ገደል ተሻግሮ፣ በወሎ ቦረና አድርጎ፣ የጃማን ሸለቆ ዘልሎ፣ ፍቼ አጠገብ ብቅ ይላል፤ ከዚያ አዲስ አበባ ቅርብ ናት። መኪና ግን በዚህ መስመር መሄድ አይችልም። እነዚያ ገደሎች ከሺህ ሜትር በላይ የሚወርዱ ናቸው። ስለዚህ ወደ ደቡብ የሚሄደው ልጅ የተሳፈረበት አውቶቡስ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞራል፤ በደርግ ዘመን ቻይናውያን በጠረጉት መንገድ የጉናን ትከሻ ይዞ በክምር ድንጋይና በደብረ ታቦር ወረታ ይወርዳል፤ ባሕር ዳር ይደርሳል። ከዚያ ጎጃምን አቋርጦ፣ ደጀን ላይ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ፍቼን ያልፋል። ይህ ሁሉ ሲደመር 740 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጋሸናና በወልድያ፣ በደሴ በኩል እዞራለሁ ቢልም የሚያተርፈው ጥቂት ነው። ገደሉ የሦስት መቶውን ኪሎ ሜትር መንገድ ከሰባት መቶ በላይ አድርጎታል።

አውቶቡሱ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል። ንፋስ መውጫ 3,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የጥር ሌሊት ብርዷ አጥንት ይሰብራል፤ ተሳፋሪው ጋቢውን እስከ ዐይኑ ተከናንቦ ይቀመጣል። ዳገቱና ጥምዝምዙ፣ የየከተማው ባጃጅና ከብት፣ ለምሳ የሚቆምበት ሁሉ ተደምሮ መኪና በዚህ መንገድ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከሄደ ቀንቶታል። ይህ 15 ሰዓት ነው። በአንድ ቀን የሚገፋው አለ፤ ብዙው ባሕር ዳር አድሮ በማግስቱ ይቀጥላል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት ደግሞ መንገዱ የሚዘጋባቸው ቀናት አሉ። ያን ጊዜ 740 ኪሎ ሜትሩ ባለበት ነው፤ ስንት ቀን እንደሚያስኬድ ግን ሹፌሩም አያውቅም። እናትየው አራተኛውን ጣሳ የጨመሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ከባሕር ዳር በአውሮፕላን መሄድም ይቻላል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ የአየር ርቀቱ 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ በረራ የምናያት ባለ ሁለት ሞተር ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትበራለች። ሲካፈል ግማሽ ሰዓት ነው። ቲኬቱ ላይ ግን አንድ ሰዓት ገደማ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ብዙ ሰው ይህን አይቶ ግራ ይገባዋል። ቲኬቱ ላይ ያለው ሰዓት የሚቆጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት አንስቶ መድረሻው ላይ እስኪቆም ድረስ ነው። ወደ ማኮብኮቢያው መንዳት አለ፤ ተራ መጠበቅ አለ፤ ከመሬት ተነስቶ እስኪወጣ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ ሊያርፍ ሲቃረብም ቀስ ብሎ፣ ዞሮ፣ ነፋሱን በፊቱ ተቀብሎ ነው የሚወርደው። ይህ ለመነሳትና ለማረፍ የሚከፈል ጊዜ ለአጭሩም ለረጅሙም በረራ ብዙ አይለያይም። ባሕር ዳር ለሚሄድ ግማሹን ይወስድበታል፤ ዋሽንግተን ለሚሄድ ከቁጥር አይገባም።

የአየሩም ጉዞ ሁልጊዜ እንዲህ ፈጣን አልነበረም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ነው፤ በአሥመራ በኩል፣ ሰዉ ዳኮታ በሚለው አውሮፕላን። ዳኮታ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንኳ በቅጡ አትሞላም ነበር፤ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ አየር ላይ ብቻ ከስምንት ሰዓት በላይ መሄድ ነበረባት። ሴባስቶፖል ከተጎተተ 78 ዓመት ብቻ ቆይቶ ነው ይህ የሆነው።

አሁን ልጁ ቦሌ ደርሷል እንበል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ነው ስል በየት በኩል ለክቼ ነው? ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ካርታ አይታችሁ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ብታገናኟቸው መስመሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊ በኩል አድርጎ ከሰሐራ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። ትክክለኛው አጭር መንገድ ግን ይህ አይደለም። ካርታው ጠፍጣፋ ነው፤ መሬት ክብ ናት። ክቡን ልጦ ወረቀት ላይ መዘርጋት ሳይለጥጡት አይቻልም፤ ከምድር ወገብ በራቀ ቁጥር ልጥጡ ይብሳል።

ይህን ለመረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጆች የሚጫወቱባትን የጨርቅ ኳስ ውሰዱ፤ ከእናታችሁ እንዝርት ላይ አንድ ክንድ ፈትል ለምኑ። ኳሷ ወገብ ላይ ክብ መስመር በከሰል አስምሩ፤ ምድር ወገብ ይሁን። ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አንድ ነጥብ ለአዲስ አበባ፣ የኳሷን ሲሶ ያህል ወደ ምዕራብ ዞራችሁና ወደ ላይ ከፍ ብላችሁ ሌላ ነጥብ ለዋሽንግተን አድርጉ። ፈትሉን በሁለቱ ጫፎች ይዛችሁ ወጥሩት። ላላ ካለ ዝቅ ይላል፤ በወጠራችሁት መጠን ግን ራሱ እየተንሸራተተ ወደ ሰሜን ይወጣል። የተወጠረ ክር አይዋሽም፤ አጭሩን መንገድ ይዞ ይቆማል። እውነተኛው መሬት ላይ ይህ ክር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። አውሮፕላኑ የኮምፓሱን አቅጣጫ ሳይቀይር ወደ አንድ ማዕዘን ብቻ እያየ ቢበር ኖሮ መንገዱ በ500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝምበት ነበር። ስለዚህ አብራሪው በክሩ ላይ ለመቆየት አቅጣጫውን በየጊዜው ጥቂት በጥቂት ያዞራል፤ ተሳፋሪው አይሰማውም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ግን ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ በዚህ ክር ላይ ያለ ዕረፍት አይሄድም። ለዓመታት አየርላንድ ውስጥ ደብሊን ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ ኖሯል። በግድግዳው ካርታ ላይ ደብሊን ከመንገድ የወጣች፣ ወደ ሰሜን ብዙ ያዞረች ትመስላለች። በኳሷ ላይ ስትለኩት ግን በደብሊን በኩል ያለው መንገድ 11,830 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአጭሩ የሚበልጠው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከንፋስ መውጫ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ገደል ለመሸሽ የሚዞረው ከዚህ ይበልጣል።

ታዲያ ለምን ያርፋል? ከዋሽንግተን ሲመለስ ያው አውሮፕላን አንድም ቦታ ሳያርፍ፣ በ13 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ይገባልና። መልሱን የንፋስ መውጫ ሴቶች ምድጃቸው ላይ ያውቁታል። እዚያ ባቄላ ንፍሮ ሲጣድ ባሕር ዳር ከሚፈጀው የበለጠ እንጨት ይፈጃል። ቦታው ከፍ ባለ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በላይ የሚጫነው ሲቀንስ ውሃ በደንብ ሳይግል ይፈላል። ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ንፋስ መውጫ ላይ በ90 ገደማ ይንተከተካል። ፍላቱ አለ፣ ሙቀቱ ግን ጎድሎታል፤ ባቄላው ይዘገያል።

የሳሳ አየር ባቄላን እንደሚያዘገይ ሁሉ አውሮፕላንንም ይይዛል። ክንፍ አውሮፕላንን የሚያነሳው አየር ገፍቶ ነው፤ ሞተሩም ኃይል የሚያገኘው አየር ስቦ ነው። ቦሌ 2,330 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ያንኑ ክብደት ለማንሳት አውሮፕላኑ መሬት ላይ 12 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ በዚያ ላይ የሚያስሮጠው ሞተር ራሱ ደክሟል። የቦሌ ረጅሙ ማኮብኮቢያ 3,800 ሜትር ነው፤ ማለቂያ አለው። ጎማውም ከዚህ ፍጥነት በላይ አትሩጥብኝ የሚልበት ወሰን አለው። የሚቀረው አማራጭ ሸክምን መቀነስ ነው። የረጅም መንገድ አውሮፕላን ነዳጁን ሞልቶ ሲነሳ ነዳጁ ብቻ 100 ቶን ገደማ ይመዝናል፤ ይህ አሥራ አራት ሴባስቶፖል ነው። ቦሌ ላይ ሰውና ሻንጣ ሞልቶ ይህን ሁሉ ተሸክሞ መነሳት አይችልም። ስለዚህ በደብሊን በኩል ሲሄድ ደብሊን የሚያደርሰውን ብቻ ይዞ ይነሳል፤ ከባሕር ብዙም ከፍ በማትለው ደብሊን ወፍራም አየር ውስጥ የቀረውን ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ የሚነሳው አውሮፕላን ነዳጁን እስከ አፉ ሞልቶ ይመጣል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ እንዲሠራ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ መሆኑን ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ለረጅም በረራ ግን እያንዳንዱ መቶ ሜትር ቁልቁለት በቶን የሚቆጠር ሸክም ነው።

መመለሻው የሚፈጥንበት ሁለተኛው ምክንያት ነፋስ ነው። የእኛን ከተማ ስም ያወጡት ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። ከተማዋ በሁለት ተፋሰሶች መካከል ባለ ረጅም ጀርባ ላይ ተቀምጣለች፤ በሰሜን የሚወርደው ውሃ ወደ ተከዜ፣ በደቡብ የሚወርደው ወደ ዓባይ ነው። ቆላው ሲግል ነፋሱ ገደሉን ይዞ ሽቅብ ይመጣና እዚያ ይወጣል። በዚያ ጀርባ ላይ ነፋስን ፊት ለፊት ተቀብሎ ገበያ የሄደና ነፋሱ ከኋላው እየገፋው የተመለሰ ሰው ቀሪውን ሳልነግረው ያውቀዋል።

ከመሬት 9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ ከእኛ በስተሰሜን ባለው ሰማይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነጉድ የነፋስ ወንዝ አለ። ጄት ስትሪም ይሉታል። በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ መንጎዱ የተለመደ ነው፤ የሰሜኑ አገሮች ክረምት ሲበረታ ከዚህም ብዙ ያልፋል። አውሮፕላን የሚዋኘው አየር ውስጥ ነው፤ ፍጥነቱም የሚለካው ከአየሩ አንጻር ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ደብሊንና ዋሽንግተን መካከል ያለውን 5,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሻገር በአማካይ 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ፊቱ ላይ ቢመጣበት ከመሬት አንጻር የሚሄደው በ800 ነው፤ ሰባት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይደርሳል። ሲመለስ ያው ነፋስ ይገፋዋል፤ በ1,000 ይሄዳል፤ አምስት ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። ያው ባሕር፣ ያው አውሮፕላን፣ ከሰዓት በላይ ልዩነት።

ብዙ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ «መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ነው እንጂ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ወደ ምዕራብ የሚሄድ አውሮፕላን አየር ላይ ቆሞ መሬት ከሥሩ ብትዞርለት ፈጥኖ ይደርስ ነበር የሚለው ሐሳብም ከዚሁ ይመጣል። አውቶቡስ ውስጥ የገባችን ዝንብ አስቡ። አውቶቡሱ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ዝንቧ ከሹፌሩ ወደ ኋላ ወንበር፣ ከኋላ ወደ ሹፌሩ በእኩል ጊዜ ትመላለሳለች፤ የኋላው መስታወት መጥቶ አይመታትም። አየሩ አብሮ ስለሚሄድ ነው። የመሬትም አየር ከመሬት ጋር አብሮ ይዞራል። የአውሮፕላንን ጊዜ የሚለውጠው አየሩ ከመሬት ዙረት በላይ በራሱ የሚያደርገው ጉዞ፣ ነፋሱ ነው።

በጉዞው ውስጥ ሌላም ነገር አለ፤ ለጋይንት ሰው ብቻ የሚሆን። አውሮፕላን በ12,000 ሜትር ከፍታ ሲበር ተሳፋሪው እንዲተነፍስ ውስጡ አየር ይታመቅበታል። እንደ ባሕር ጠለሉ አየር እስኪሆን ድረስ ግን አይታመቅም፤ ግድግዳው ይጨነቃል። እንደ ድሪምላይነር ባሉት አዳዲሶቹ የውስጡ አየር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት ነው፤ ይህ የባሕር ዳር ከፍታ ነው። ከባሕር ዳርቻ ከተማ የመጣ መንገደኛ ተራራ የወጣ ያህል ይሰማዋል። የንፋስ መውጫ ልጅ ግን አትላንቲክ ላይ ተንጠልጥሎ ከቤቱ በ1,300 ሜትር ዝቅ ብሏል።

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በደብሊን በኩል ሲኬድ፣ ዕረፍቱ ተጨምሮ፣ 17 ሰዓት ገደማ ነው። ለምሳሌ ከምሽቱ 4:30 የተነሳ በእኛ ሰዓት በማግስቱ ከቀኑ 9:30 ይደርሳል። ዋሽንግተን ግን ጥር ላይ ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች እዚያ ገና ማለዳ ነው፤ አንዲት ረጅም ሌሊት ብቻ ያለፈች ትመስላለች። ሲመለሱ ሰዓቱ በተቃራኒው ይበላል፤ ከቀትር በፊት ተሳፍሮ አዲስ አበባ የሚደርሰው በማግስቱ ጠዋት ነው።

ልጁ በገባ በሁለተኛው ቀን ደወለ። እናቱ ስልኩን እንዲጮህ አድርገው ያዙት። «ስንት ሰዓት ነው እዚያ?» አሉት። «ስምንት ሰዓት» አለ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፤ አሥር ይላል። «ሁለት ሰዓት ብቻ ነው እንዴ የምንለያየው!» ብለው ተደነቁ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ሳሰላው አፌን ያዝኩ። እሱ የነገራቸው በአሜሪካኖች አቆጣጠር ከጠዋቱ ስምንትን ነው፤ እሳቸው ያዩት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ አሥርን። የስምንት ሰዓት ልዩነት አለ፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ይለያል። ስድስቱ ከስምንቱ ሲነሳ በግድግዳዎቹ ሰዓት ላይ የሚታየው ልዩነት ሁለት ብቻ ነው። መጋቢት አካባቢ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ሲቀይሩ አንድ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ እናትየው ስሌቱን ከእኔ በላይ ይዘውታል፤ ለመደወል ሲያስቡ ሰዓቱን አይተው ሁለት ይቀንሱና «አሁን ተነስቷል» ይላሉ።

በዚያው ስልክ ስለ ስንቁ ጠየቁት። «በሶው በቃህ ወይ፣ ልጄ? አሜሪካን ድረስ ደረሰ?»

«አውሮፕላኑ ውስጥ ምግብ ይሰጣሉ፣ እማዬ» አላቸው። «በሶው ቦሌም አልደረሰ። ደጀን ላይ መኪናው ቆሞብን ከተሳፋሪው ጋር ጨረስነው።»